ጭንቀት ሰውነት ውስጥ ሲሰነብት፦ ከእንቅልፍ ጀምሩ

ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይነሳል። አንገትና ትከሻ ይደርቃል። ጨጓራ ያቃጥላል፣ ልብ ሳይሮጡ ይመታል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይን ቁልጭ ብሎ ይቀራል። ድሬዳዋ ላይ ይህን ለጓደኛ ብትነግሩት መጀመሪያ የምትሰሙት "ሙቀቱ ነው አቦ" የሚል ነው። ሙቀቱም ድርሻ አለው። ግን የቤት ኪራይ፣ ዕዳ ወይም የትዳር ጭቅጭቅ ወራት ሲያስቆጥር ሰውነት በእነዚሁ ምልክቶች መናገር ይጀምራል።

ስንደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ስኳር ወደ ደም ይገባል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ባጃጅ ድንገት ፊታችሁ ሲታጠፍ ዘላችሁ የምታመልጡት በዚህ ነው፤ ባጃጁ ሲያልፍ ሁሉም ይረግባል። የኪራይ ጭንቀት ግን አያልፍም፣ ጠዋትም ማታም አለ። ያኔ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ነገር መርሳት ይመጣል፣ በትንሹ መቆጣት ይበዛል፣ ጉንፋን ቶሎ ቶሎ ይይዛል፣ አንዳንድ ሴቶች የወር አበባቸው ይዛባል።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? እኔ ከእንቅልፍ እላለሁ፤ ምክንያቱም ያልተኛ ሰው ሌላውን ምክር ሁሉ ለመፈጸም አቅም የለውም። እኛ ከተማ ደግሞ እንቅልፍ ሲነሳ ጫቱን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም።

በርጫ ላይ ጨዋታ አለ፣ ሰው ሆዱን ያወጣል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል፤ ማለትም ጭንቀት በሰውነታችሁ ላይ የሚሠራውን ሥራ ይደግምላችኋል። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን ሁለተኛውን የሌሊት ክፍል ይቆራርጠዋል። በማግስቱ ሰውነት ዝሎ፣ ስሜት ወርዶ ትነሳላችሁ፣ መፍትሔ የሚመስለው ደግሞ ያው ጫት ይሆናል። ማቆም ከቻላችሁ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ መከፋትና ዱካክ እንዳለባቸው አውቃችሁ ግቡበት፣ ያልፋል። ካልቻላችሁ መጠኑን ቀንሱ፣ ምሳ በልታችሁ ጀምሩ፣ ሳይመሽ ተነሱ፣ በሳምንት የምትዘሏቸውን ቀናት ጨምሩ። ጨብሲውን ግን ዛሬውኑ ተዉት።

ቡናም እንዲሁ ነው። 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና ካፌይኑ ግማሽ ያህሉ ማታ 3 ሰዓት ገደማም ደማችሁ ውስጥ አለ። ስለዚህ የመጨረሻውን ስኒ ከምሳ ጋር ጨርሱት። ሌሊቱን ምንም ያህል ብታገላብጡ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው 150 ደቂቃ ደረሳችሁ ማለት ነው። ማታ የነገውን ጣጣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከተኛችሁ በኋላ ሐሳብ ከመጣ አራት እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ሳቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ቀጥሉ። የሚረዝመው የሚወጣው ትንፋሽ ይሁን፣ ልብን የሚያዘገየው እሱ ነው።

ስለ ጨጓራ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ጭንቀት ያባብሰዋል፣ ግን አብዛኛው የጨጓራ ቁስል የሚመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባለው ባክቴሪያና ከሕመም ማስታገሻዎች ነው። ባክቴሪያውን ያገኙት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። ስለዚህ ለጭንቀት ራስ ምታት በየቀኑ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየገዙ መዋጥ ጨጓራን ይጎዳል። ተመርመሩ፣ በመድኃኒት ይድናል።

ደረት ላይ ጫን የሚል ሕመም ወደ ግራ እጅ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ከተጨመረበት "ጭንቀት ነው" ብላችሁ አትተኙ፤ ወዲያው ድል ጮራ ወይም የሚቀርባችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ጥቁር ሰገራና ደም ማስታወክም እንዲሁ። ሐዘኑ ወይም ተስፋ መቁረጡ ሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም አማክሩ። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ አብሯችሁ ወደ ሕክምና ይሂድ። ጸሎቱንም ዱዓውንም ቀጥሉ፣ ከመድኃኒት ጋር አይጣሉም።

ግፊት ለመለካት ስትሄዱ ቅማችሁ ወይም ቡና ጠጥታችሁ አትግቡ፣ ቁጥሩን ያስጨምራል። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ተለኩ። በተለያዩ ቀናት 140/90 እና ከዚያ በላይ ከታየ ክትትል ያስፈልጋችኋል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ስንት እንደምትቅሙ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኙና ምን እየዋጣችሁ እንደሆነ ሳትሸሽጉ ንገሩት፤ መድኃኒቱን የሚመርጠው በዚያ ነው።