ድስት የሚያጠቁር ቢጫ የቡታጋዝ እሳት፦ መንስኤውና መፍትሔው

በአንድ ሲሊንደር ከሚሠሩት ሁለት ምድጃዎች የትልቁ እሳት ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት ያለብሳል፤ ትንሹ ግን ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከሲሊንደሩም የጋዙን ግፊት ከሚቆጣጠረው ሬጉሌተርም አይደለም። ጋዝ ቢጫ የሚሆነው በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ነው። ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሊያመጣ ስለሚችል እስኪስተካከል አለመለኮስ ነው።

ሲሊንደሩ ተዘግቶ ምድጃው ሲቀዘቅዝ የእሳት መውጫው ክዳንና ቀለበት ተነሱ። ብዙዎቹ ቀዳዳዎች በገነፈለ ሽሮ ተደፍነዋል። በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ከተዘፈዘፈ በኋላ እያንዳንዱ ቀዳዳ በቀጭን መርፌ ተጠረገ። ስንጥር አይሁን፤ ውስጡ ተሰብሮ ይቀራል። እርጥቡን ከተገጠመም እሳቱ ይንጣጣል።

ጋዙን የምትረጨዋን ትንሿን የነሐስ ጅግለር ግን በመርፌ አትጎርጉሯት። ቀዳዳዋ ጥቂት እንኳ ከሰፋች ጋዙ በዝቶ ቢጫው ይብሳል።

ከጸዳ በኋላም ጫፉ ትንሽ ቢጫ ነበር። የቀረው የአየር ማስገቢያው ነው፤ ምድጃው ማስተካከያ ካለው በትንሽ በትንሹ ይከፈታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ምድጃ እዚህ ያንሰዋል። እሳቱ ከቀለበቱ እየተነሳ ከጮኸ ግን አየሩ በዝቷልና መለስ ይደረግ።

ከመለኮስ በፊት ሲሊንደሩ ተከፍቶ የጎማው መጋጠሚያዎች የሳሙና አረፋ ይቀቡ። አረፋው ከተነፋ ጎማውን የሚያስረው ፋሸታ ይጥበቅ፤ የተሰነጠቀ ጎማ ግን ይቀየራል እንጂ በፕላስተር አይጠቀለልም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሽታ ካለ በሩ ይከፈት፣ መብራት አይነካ።