በሩ የ7 ሰዓት ሥራ ነው፣ ደንበኛው ግን 9 ቀን ጠበቀ፦ ብክነትን ከራሳችሁ ቤት እንዴት ታገኙታላችሁ

ብረታ ብረት ቤት፣ ስፌት ቤት፣ ማተሚያ ቤት ያላችሁ "ሥራው አለ፣ ብሩ ግን የት እንደሚገባ አናውቅም" የምትሉ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። እኔ በርና መስኮት ነው የምሠራው፣ አራት ሠራተኞች አሉኝ፣ እና ለረጅም ጊዜ መፍትሄው ሌላ የብየዳ ማሽን መግዛት ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ማሽን አትግዙ፣ ሰው አትጨምሩ፣ ሰውም አትቆጡ። አንድ ትዕዛዝ ምረጡና ከቀብድ እስከ ርክክብ ተከተሉት፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ሥራው ሲጀመርም ሲቆምም ሰዓቱን ጻፉ፣ ማንም ሳይነካው ዝም ብሎ የተቀመጠበትን ጊዜ በተለይ እንዳትዘሉት ምክንያቱም ዋናው እሱ ነው። እኔ አንድ የላሜራ በር ተከተልኩ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10፣ ወርዱ 90። 9 ቀን ፈጀ። እጅ ያረፈበትን ሰዓት ስደምረው ግን 7 ሰዓት እንኳን አልሞላም! ቱቦላሬ (ፍሬሙ የሚሠራበት ውስጡ ክፍት ብረት) እስኪመጣ 2 ቀን፣ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ በያጁ ሌላ ሥራ ይዞ ስለነበር ግድግዳ ተደግፎ 3 ቀን፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ተቀብቶ ደግሞ ደንበኛው የቀለሙን ዓይነት እስኪነግረን 2 ቀን። እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ጊዜ "ፍጠኑ እንጂ" እያልኩ ልጆቹን ነበር የማስጨንቀው፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ይሄ ብክነትን የመፈለግ ሐሳብ የቶዮታ ነው። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገንዘብም ጥሬ ዕቃም ሲያጥራት ታይቺ ኦኖ የሚባለው የቶዮታ ሰው ብክነትን በ7 ከፈለው፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ዕቃ ማመላለስ፣ የማያስፈልግ ሂደት፣ ክምችት፣ የሠራተኛ ከንቱ እንቅስቃሴና ብልሽት። እኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ካይዘን (በጃፓንኛ ማሻሻል ማለት ነው) በሚል ስም ነው የምናውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከጃይካ፣ ከጃፓን የትብብር ድርጅት፣ ጋር በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተጀምሮ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ ሰው ግን የፋብሪካ ነገር አድርጎ ነው የሚያስበው፣ ግድግዳ ላይ ፖስተር መለጠፍ ምናምን፣ እኔ ግን ትንሽ ቤት ላይ እንደውም ቶሎ ውጤቱ ይታያል ባይ ነኝ።

ከፍለጋ ጀምሩ፣ ቀላሉ እሱ ነው። እኛ ቤት ዲስክ በተቀየረ ቁጥር የግራይንደሩ፣ ማለት የብረት መቁረጫው ማሽን፣ መፍቻ ቁልፍ ይጠፋል፣ "ማን ጋ ነው?" ይባላል፣ ሁለት ሰው ሥራ ያቆማል። ቁልፉን በራሱ በግራይንደሩ ገመድ ላይ በሽቦ አሰርነው፣ አለቀ። ሌሎቹን ዕቃዎች ሰሌዳ ላይ ሰቅለን የያንዳንዱን ቅርጽ በቀለም ከበብነው፣ ማታ ባዶ ቦታ ካየን ምን እንደጎደለ ወዲያው ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ ስህተት ሲመጣ "ማነው?" ከማለት "ለምን?" በሉ፣ መልሱ ሲመጣ እንደገና ለምን በሉ። አንዴ የገጠምነው በር ወለሉን እየጋጠ አልከፈት አለ። ለምን? ረዘመ። ለምን ረዘመ? የተለካው ሴራሚክ ሳይነጠፍ ነው። ለምን ሳይነጠፍ ለካን? አልጠየቅንማ! የለካውን ልጅ ደሞዝ ብቆርጥበት ኖሮ በሚቀጥለው ወር ሌላው ልጅ ያንኑ ይደግመው ነበር። አሁን የትዕዛዝ ወረቀታችን ላይ "ልስን አልቋል? ወለል ተነጥፏል?" የሚል መስመር አለ፣ ሁለቱም አዎ ካልሆነ ሜትር አይወጣም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፣ ብዙ ሥራ ባንዴ አትጀምሩ። ደንበኛ ሲደውል "ተጀምሯል" ለማለት ብለን የመጣውን ሁሉ እንቆርጥ ነበር፣ ስምንት በር ግማሽ ግማሽ ሆኖ ግቢውን ይሞላዋል፣ አንዱን ለማውጣት ሦስቱን ማንሳት ነው፣ ያ ሁሉ ቱቦላሬና ላሜራ ደግሞ የከፈልንበት ብር ነው ቆሞ የሚዝገው። አሁን ብየዳ ላይ ከሁለት ትዕዛዝ በላይ አይኖርም፣ አንዱ ወደ ቀለም ካልሄደ አዲስ አይቆረጥም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቆራጩ ቆሞ ሳየው ያመኝ ነበር፣ ከዛ ግን ራሱ በያጁን መርዳት ጀመረ፣ ማንም ሳያዘው። የቀለሙን ነገር ደግሞ ቀብድ ስንቀበል እናስመርጣለን፣ ምንም ወጪ የለውም።

ቢሮ ለምትሠሩም ያው ነው፣ ፕሮፎርማው ለመጻፍ 20 ደቂቃ ፈጅቶ ፊርማ ሲጠብቅ ስንት ቀን እንደሚያድር ቁጠሩት።

አንድ ነገር አደራ። ጠዋት ጠዋት 10 ደቂቃ ቆማችሁ ሠራተኞቹን ትናንት ምን እንዳስቸገራቸው ጠይቁ፣ የነገሯችሁን ደግሞ በዚያው ሳምንት አንዷን እንኳን አስተካክሉ። ጊዜ ተረፈ ብላችሁ ሰው ከቀነሳችሁ ግን ከዛ በኋላ ማንም ምንም አይነግራችሁም፣ እውነታቸውን ነው።

ከወር በኋላ ተመሳሳይ ትዕዛዝ መርጣችሁ እንደገና ለኩ። የኛ በር ከ9 ቀን ወደ 5 ቀን ወርዷል። ከ5ቱ ሁለቱ አሁንም ቱቦላሬ መጠበቅ ነው፣ ስለዚ በየሳምንቱ የሚያልቀውን መጠን እየመዘገብን ነው፣ የሁለት በር ያህል ብቻ ሁልጊዜ እጃችን ላይ እንዲኖር።