ከባሕር ዳር ሄዳችሁ አሜሪካ ሮታሪ ክለብ ለተጋበዛችሁ

ሰሞኑን አንድ የሽምብጥ ልጅ ደወለልኝ። አሜሪካ ከገባ ገና ወራት ናቸው። አለቃው ሮታሪ የሚባለው የበጎ አገልግሎት ክለብ አባል ነውና ለምሳ ጋብዞታል። «ጋሼ፣ ለተማርኩበት ትምህርት ቤት ገንዘብ እንዲሰጡኝ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?» አለኝ። ከእሱ በፊት የዘጌዋ ልጅ ጠይቃኛለች። ከእሷ በፊት የዘንዘልማው። ጥያቄው ያው ነው፣ መልሴም ያው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈው።

እኔ እዚያ በኖርኩበት ጊዜ የአንድ ትንሽ ከተማ ክለብ አባል ነበርኩ። አሁን ባሕር ዳር ተመልሼ፣ ከዚያ የሚላከውን እዚህ ከሚቀበሉት ጋር እሠራለሁ። የላኪውንም የተቀባዩንም ጣጣ አውቀዋለሁ።

መልሱ ይኸው። በመጀመሪያው ምሳ ገንዘብ አትጠይቁ። በሁለተኛውም አትጠይቁ። ሰዎቹ ሳያውቋችሁ ከለመናችሁ ፈገግ ብለው ይሸኟችኋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠራችሁ የለም።

ክለቡን እንደ እድር የሚያስብ ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። እድር ስትከፍሉ ኖራችሁ፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑንም ሰዉንም ይዞላችሁ ይመጣል። የአገልግሎት ክለብ ግን አባሉ ከኪሱ አውጥቶ ሌላውን የሚረዳበት ነው። ሮታሪን ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ቺካጎ ላይ የመሠረተው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ላየንስ የሚባለው ሌላ የአገልግሎት ክለብ እዚያው ቺካጎ በ1917 ተከተለ። ኪዋኒስም የዚያው ዘመን ነው። በትንንሽ ከተሞች የባንክ ሥራ አስኪያጁን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር አንድ ጠረጴዛ ላይ የምታገኙት እዚያ ነው።

ደግሞ ለእናንተ ባዕድ አይደሉም። እናቶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው በር ላይ የሚያስከትቡት የፖሊዮ ጠብታ አለ አይደል? ሮታሪ ፖሊዮን ከዓለም ለማጥፋት ዘመቻውን የጀመረው በ1985 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እስከዛሬ ክለቦቹ ለዚያ ያዋጣሉ። በአማራ ክልል ገጠር ትራኮማ ለሚባለው የዓይን በሽታ የሚታደለው መድኃኒትም አለ። መድኃኒቱን በነፃ የሚሰጠው ፋይዘር የተባለው መድኃኒት አምራች ነው። ሥራውን ግን ላየንስ ክለቦች ከአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ከካርተር ማዕከል ጋር ሆነው ለዓመታት ደግፈውታል። እናንተ ራሳችሁ ያን መድኃኒት የወሰዳችሁ ከሆነ ይህን ንገሯቸው። ለዓመታት ሲያዋጡ ኖረው፣ መድኃኒቱን የዋጠ ሰው ፊት ለፊት አይተው የማያውቁ አባላት አሉ። የኔ ክለብ ጓደኞች ይህን ስነግራቸው የነበረው ዝምታ አይረሳኝም።

ወደ ስብሰባው ልግባ። አንዳንዱ ክለብ በየሳምንቱ፣ አንዳንዱ በወር ሁለቴ ይሰበሰባል። ወይ ቁርስ ነው ወይ ምሳ። 12 ሰዓት ካሏችሁ የእኛ 6 ሰዓት መሆኑን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ቀደም ብላችሁ ግቡ። ፕሬዚዳንቱ ደወል ይመታል፣ ለባንዲራ ይቆማሉ፣ እንግዶች በስም ይተዋወቃሉ። ብዙ ክለብ ውስጥ አራት ጥያቄዎች በኅብረት ሲነበቡ ትሰማላችሁ፦ የምናስበው፣ የምንናገረው፣ የምናደርገው እውነት ነው ወይ? ለሚመለከተው ሁሉ ፍትሐዊ ነው ወይ? ወዳጅነትን ያጠነክራል ወይ? ለሁሉም ይጠቅማል ወይ? እነዚህን ኸርበርት ቴይለር የሚባል ነጋዴ በ1932 እ.ኤ.አ. ለመክሰር ለተቃረበ ድርጅቱ ያወጣቸው ናቸው።

ከዚያ ቅርጫት ይዞራል። አንዱ የዶላር ኖት ከፍ አድርጎ «ልጄ ተመረቀች» ይላል። ሌላው «ቡድናችን አሸነፈ» ይልና ቅርጫቱ ውስጥ ይጥላል። የደስታ ዶላር ይሉታል። እንግዳ አይገደድም። ግን አንድ ዶላር አውጥታችሁ «ዛሬ እዚህ በመገኘቴ ደስ ብሎኛል» ብትሉ፣ ከረጅም ንግግር በላይ ያቀርባችኋል። ተናጋሪው 20 ደቂቃ ያህል አለው። ሰዓቱ ሲሞላ ንግግሩ ባያልቅም ተነሥቶ ወደ ሥራው የሚሄድ አለ። ንቀት አይደለም፣ የምሳ ሰዓቱ አልቆበት ነው።

ለጾመኞች አንድ ነገር። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ጋባዣችሁን ቀድማችሁ ንገሩ። «ቬጂቴሪያን ነኝ» ብትሉ አይብና እንቁላል ይመጣላችኋል። «ቪጋን» በሉ። የምሳውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍልም በዚያው ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

እውነተኛው መተዋወቂያ ግን ምሳው አይደለም፣ ቅዳሜው ነው። የምግብ ባንክ ካርቶን መደርደር፣ የመንገድ ዳር ቆሻሻ መልቀም፣ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች መዝገበ ቃላት ማደል። ለዚህ እንግሊዝኛ አያስፈልግም፣ ጓንት ነው የሚያስፈልገው። ክረምቱን ሙሉ አብሯቸው ካርቶን የተሸከመ ልጅ ስለ ጣና አንድ ቃል ቢናገር ይደመጣል። እህቶቼም አትሽኮርመሙ። ሮታሪ የወንዶች ብቻ የነበረበት ጊዜ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አብቅቷል። ወጣት ከሆናችሁ ሮታራክት የሚባለው የሮታሪ የወጣቶች ክለብ አለ፣ ከ18 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል። አባል ለመሆን ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ግን የዓመት መዋጮው ስንት እንደሆነ አጥብቃችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የቤት ኪራያችሁ ይስተካከል።

ተናጋሪ ሆናችሁ መጋበዛችሁ አይቀርም። የፕሮግራም ኃላፊው በየስብሰባው ሰው ይፈልጋልና። ያኔ በዝንብ የተወረረ ሕፃን ፎቶ እንዳታሳዩ። ይህ የኔ አቋም ነው፣ አልለውጠውም። ያ ልጅ እናት አለችው፣ እሷም ፎቶውን አልፈቀደችም። ታንኳውን አሳዩ፣ የዘጌን ቡና አሳዩ፣ ከጣና ተነሥቶ ካርቱም ላይ ነጭ ዓባይን የሚያገኘውን ወንዝ በካርታ አሳዩ። ስለ እምቦጭ ንገሯቸው፤ በጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ገበሬው በእጁ ሲነቅለው የኖረውን አረም። ስለ ሰላሙ ሲጠይቋችሁም እውነቱን ተናገሩ። ወገን ለይቶ መከራከሪያ ግን የምሳ ጠረጴዛቸው አይደለም።

አሁን እኔ የገባሁበት ወጥመድ ላይ ደረስን። ይኼን ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ ብዙ ሰው እየገባበት ነውና።

ንግግር አድርጌ ስጨርስ አንድ ደግ አባል መጣ። የአካባቢው ሆስፒታል አልጋና መሣሪያ እየቀየረ ስለሆነ፣ አሮጌውን ለባሕር ዳር ማግኘት እንችላለን አለኝ። ማን እምቢ ይላል? አባላቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ኮንቴይነሩን ሞሉት። አልጋ፣ ፍራሽ፣ የልብ ምት መከታተያ፣ ካርቶን ሙሉ ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ)። የመርከቡን ክለቡ ከፈለ። ፎቶ ተነሣን፣ ተጨበጨበ።

ጂቡቲ ከደረሰ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ከቀረጥ ነፃ ለመግባት የተቀባዩ ተቋም ደብዳቤ፣ የጤና መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ዝርዝር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ዕቃው ሳይጫን ያልቃል እንጂ መርከብ ላይ ወጥቶ አይጀመርም። ተቀባዩ ጋ ስንሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ስንመለስ «መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ»። ደብዳቤው ሲወጣ የዕቃው ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር አልገጥም አለ። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተቀምጦ ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል። ያን ኪራይ ማን ይክፈል የሚለውን አስቀድሞ የተነጋገረ አልነበረም። ከኪሴ ከፈልኩ፣ ከዘመድም ተበደርኩ።

ዕቃው ሲከፈት ሌላ ነገር። የአሜሪካ መሣሪያ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የእኛ መብራት 220 ነው። አንዱ መከታተያ መሰኪያው በአዳፕተር ተገጥሞለት ገና ሲበራ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን፤ በዚያው ጠፋ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ የእነሱ 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 መሆኑን ግን አያስተካክልም። በዚያ ምክንያት አንዳንዱ ሞተር በትክክል አይሠራም። የጎዙ ግማሽ ጊዜው አልፎበታል። በእጅ የሚዘወሩት አልጋዎች ብቻ ናቸው እስከዛሬ የሚያገለግሉት።

ስለዚህ ዕቃ ልላክ የሚል ሰው ሲመጣ አመስግኑና መልስ ሳትሰጡ እዚህ ደውሉ። ተቀባዩ የሚፈልገውን በዝርዝር ጽፎ፣ ማህተም አድርጎ ይላክ። ቮልቱ ይጣራ። የመድኃኒትና የጎዝ ቀን ይታይ። የወደብ ኪራይና የመኪና ወጪ በጽሑፍ ይመደብ። ይህ ካልተሟላ «አይሆንም» በሉ። ሰዎቹ አይቀየሙም፤ የሚቀየሙት ዕቃቸው ሞጆ ላይ መበስበሱን ሲሰሙ ነው። በብዙ ነገር ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ልኮ ዕቃውን አዲስ አበባ ወይም እዚሁ መግዛት ይሻላል። መለዋወጫው ይገኛል፣ ጠጋኙም እዚሁ አለ።

ቼክ ቢሰጧችሁ በስማችሁ አይጻፍ። ለግለሰብ የተሰጠ ስጦታ ለሰጪው ከግብር አይቀነስለትም። ለእናንተም ወሬ ያስነሣል። ክለቡ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ካለው በእሱ ሒሳብ ይግባ።

ትልቁን ገንዘብ የሚሰጠው የሮታሪ ፋውንዴሽን ነው። ግሎባል ግራንት የሚባለው የፕሮጀክት ድጋፍ በጀቱ ከ30,000 ዶላር አያንስም። ሁለት ክለብ ይፈልጋል፦ አንዱ ፕሮጀክቱ ካለበት አገር፣ አንዱ ከውጭ። ስለዚህ አሜሪካ ያለው ክለብ ብቻውን አይበቃችሁም፣ ኢትዮጵያ ያለ ክለብ አብሮ መፈረም አለበት። የአገራችን ክለቦች ከኬንያ፣ ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን ጋር በአንድ ዲስትሪክት (ሮታሪ ክለቦቹን በሚያስተዳድርበት ክፍል) ናቸው፣ ቁጥሩ 9212። ማመልከቻው የኅብረተሰቡን ፍላጎት ጥናት ይጠይቃል። ፎርሙ አሰልቺ ነው፣ የሚያታክት ነው፣ አንዳንዱ ጥያቄ ሁለቴ ይመጣል። ግን ታገሱት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይጸድቅ ቁፋሮ እንዳይጀመር። የተጀመረ ሥራን ወደኋላ ተመልሶ አይከፍልም።

የክለብ ፕሬዚዳንት በየዓመቱ ጁላይ 1 ይቀየራል። የዘንድሮው ቃል የገባላችሁን የሚመጣው ላያውቀው ይችላል። በመጋቢትና ሚያዝያ ተተኪውንም አግኙት። በእኛም በኩል የበጀት ዓመቱ የሚገባው ሐምሌ 1 ነው፣ ልዩነቱ ጥቂት ቀን ነው። የወረዳውን ድርሻ አስቀድማችሁ ካላስያዛችሁ፣ እዚያ ገንዘቡ ሲጸድቅ እዚህ የሚፈርም ታጣላችሁ።

መጥተን እንይ ካሉ፣ ሁኔታው ሲፈቅድ ይምጡ። ሐምሌና ነሐሴ ግን አይሁን። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ይሻላል። መንደሩ በግ ልረድ ካለ የራሱ ደስታ ነውና አትከልክሉ። ከፕሮጀክቱ ገንዘብ ግን አንድ ብር ለግብዣ እንዳይነካ። ደረሰኙን የሚያየው እዚያ የተቀመጠ ገንዘብ ያዥ ነው፣ «የበግ መግዣ» የሚል ወረቀት ሲደርሰው የሚቀጥለውን ክፍያ ያቆመዋል።