የቢሮ ስልካችሁን ከስፓም ስትከላከሉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ያሉ ብዙ የሀበሻ ቢሮዎች አሁን የሚጠቀሙት የኢንተርኔት ስልክ ነው። ሆም ኬሩም፣ ታክስ ሠሪውም፣ ትኬት ቆራጩም እንደዚያው። ዋጋው ቀላል ነው፣ መስመር ለመጨመርም አያስቸግርም። ፈተናው ስፓም የሚባለው ያልተፈለገ ጥሪ ነው። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ባለቤቱ ይመረውና ቴክኒሻኑን "ሁሉንም ዝጋልኝ" ይለዋል። ያኔ ከስፓሙ ጋር ደንበኛውም ይዘጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የማይረባ ጥሪ ቢገባ ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። አስታማሚዋ የቀረችባት እናት ደውላ ካልገባላት ግን ጉዳቱ ሌላ ነው።

"ቁጥሩ ተረጋግጧል" ሲባል ደዋዩን ማመን

እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ትሬስድ አክት የሚባል ሕግ ወጣ። በዚህ መሠረት የአሜሪካ የስልክ ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍሲሲ፣ ትልልቆቹ የስልክ ካምፓኒዎች እስከ ጁን 30 ቀን 2021 ድረስ ስተር ሼክን የሚባለውን አሠራር በኢንተርኔት መስመሮቻቸው ላይ እንዲያስገቡ አዘዘ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጥሪው ገና ሲወጣ የደዋዩ ካምፓኒ በዲጂታል ፊርማ ይፈርምበታል፣ የተቀባዩ ካምፓኒ ደግሞ ፊርማውን ያጣራል።

ፊርማው ሦስት ደረጃ አለው። ኤ ከሆነ ካምፓኒው "ደንበኛዬን አውቀዋለሁ፣ በቁጥሩም የመጠቀም መብት አለው" እያለ ነው። ቢ ከሆነ "ደንበኛዬን አውቀዋለሁ፣ ስለ ቁጥሩ ግን እርግጠኛ አይደለሁም" ነው። ሲ ሲሆን "በእኔ በኩል አለፈ እንጂ ማን እንደደወለ አላውቅም" ማለቱ ነው።

እዚህ ውስጥ ስለ ደዋዩ ሐሳብ አንድም ቃል የለም። አጭበርባሪ በስሙ ቁጥር ተከራይቶ በዚያው ቢደውል ኤ ያገኛል። ፊርማው የሚጠቅመው የሰው ቁጥር አስመስሎ የሚደውለውን ለመያዝ ነው። ይሄ ደግሞ እኛን ስደተኞችን በቀጥታ ይነካናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ አገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር አንድ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። አጭበርባሪዎች የእሱኑ የጥቆማ ስልክ ቁጥር አስመስለው፣ "ከኢሚግሬሽን ነን" እያሉ የሰዎችን የግል መረጃ ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ የማረጋገጫ ምልክት ብታዩም ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን በስልክ አትስጡ። ዝጉትና መሥሪያ ቤቱ በይፋ ባወጣው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

ሲ ያለበትንና ፊርማ የሌለውን ሁሉ መዝጋት

ከአዲስ አበባ የተነሳ ጥሪ አሜሪካ የሚገባው በአስተላላፊ ካምፓኒ በኩል ነው። ያ ካምፓኒ ደዋዩን ስለማያውቅ ብዙ ጊዜ የሚፈርመው በሲ ነው። በድሮው የስልክ ኔትወርክ ያለፈ ጥሪም ፊርማው መንገድ ላይ ይጠፋል። ትኬት የምትቆርጡ ከሆነ ሲን ዘጋችሁ ማለት አገር ቤት ያለውን ደንበኛ ዘጋችሁ ማለት ነው።

የደዋይ ቁጥር መንገድ ላይ መበላሸቱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በርካሽ የጥሪ ካርድ ከአሜሪካ ስትደውሉ ቤተሰብ ስልክ ላይ የማይታወቅ የአገር ውስጥ ቁጥር የሚወጣበት ጊዜ አለ። ጥሪው በሲም ቦክስ፣ ማለትም የውጭ ጥሪን ተቀብሎ በአገር ውስጥ ሲም ካርድ በሚያስተላልፍ መሣሪያ ስለተላለፈ ነው። ደዋዩ ግን ምንም አላጠፋም።

ከመዝጋት ይልቅ አጣሩ። የማይታወቅና ሲ ያለበት ጥሪ ወደ ተቀዳ መልእክት ይሂድ፦ "ሠራተኛ ለማነጋገር 1 ይጫኑ"። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቅዱት። አብዛኛው አውቶማቲክ ደዋይ 1 አይጫንም፣ ሰው ግን ይጫናል። 911 መልሶ ሲደውልና ሆስፒታል ሲደውል ግን ማጣሪያው ውስጥ እንዳይገቡ ቁጥራቸውን አስቀድማችሁ ያለማጣሪያ በቀጥታ ከሚገቡት ዝርዝር ውስጥ አስገቡ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት የጮኸውን ስልክ ስፓም ነው ብሎ ማለፍ

ስልኩ በሌሊት ይጮኻል። ሲነሳ ድምፅ የለም። የደዋዩ ቁጥር ላይ የሚታየው 100 ወይም 1001 ነው። ባለቤቱ ካምፓኒውን ይወቅሳል፣ ካምፓኒው ደግሞ "በእኛ በኩል የገባ ጥሪ የለም" ይላል። ካምፓኒው እውነቱን ነው።

ይሄ ጥሪ በስልክ ኔትወርክ አልመጣም። ኢንተርኔት ላይ ፖርት 5060ን፣ ማለትም የኢንተርኔት ስልክ ጥሪ የሚገባበትን በር፣ እየፈለገ የሚዞር ስካነር የሚባል ፕሮግራም በቀጥታ ስልካችሁን ወይም የቢሮውን ጥሪዎች የሚያስተናግደውን ሰርቨር አግኝቶ አንኳኳ። የደዋይ ማረጋገጫም ሆነ የስፓም ማጣሪያ አያገኘውም። እንደ ቀልድ የሚታለፍም አይደለም፤ ደካማ ፓስዎርድ ካገኘ በእናንተ ሂሳብ የጥሪ ዋጋ ውድ ወደሆነባቸው አገሮች ይደውላል።

ፋየርዎሉ (ከኢንተርኔት የሚገባውን የሚቆጣጠረው) ከስልክ ካምፓኒያችሁ አድራሻዎች ብቻ እንዲቀበል አድርጉ። የስልክ ሰርቨራችሁ ፍሪፒቢኤክስ በሚባለው ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ ማንነቱ ያልታወቀ ጥሪ የሚፈቅደውን ምርጫ አጥፉ። ዴስክ ላይ ያለውም ስልክ ከራሱ ሰርቨር ብቻ ጥሪ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። ይሄን ሠርታችሁ ሌሊቱ ጸጥ ካለ ችግሩ የት እንደነበረ አወቃችሁ።

ጥሪ ወደ ሞባይል ስታስተላልፉ ስለ ቁጥሩ አለማሰብ

የሆም ኬር ቢሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ ጥሪውን ወደ ተረኛዋ ነርስ ሞባይል ያስተላልፋል። ሰርቨሩ አዲስ ጥሪ ሲያወጣ የታካሚውን ቁጥር እንደ ደዋይ ያሳያል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነርሷ ማን እንደደወለ ታውቃለች። ነገር ግን ያ ቁጥር የቢሮው ስላልሆነ ካምፓኒው ኤ አይሰጠውም። ቢ ወይም ሲ ይሰጠዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበለውም። ነርሷ ሞባይል ላይ "ስካም ላይክሊ" (አጭበርባሪ ሳይሆን አይቀርም) ተብሎ ይመጣል፣ እሷም አታነሳውም።

የሚተላለፈው ጥሪ የመጀመሪያውን ፊርማ ይዞ መሄድ ይችል እንደሆነ ካምፓኒያችሁን ጠይቁ። ካልቻለ የቢሮውን ቁጥር አሳዩና ነርሷ ስታነሳ "ከቢሮ የተላለፈ ጥሪ ነው" የሚል ድምፅ ትስማ።

የጠፋውን ጥሪ ማጣሪያው ዘጋው ብሎ መደምደም

ይሄ ለቴክኒሻኖች ነው። ፊርማው ረጅም ጽሑፍ ስለሆነ የጥሪውን መልእክት ያስረዝመዋል። በዩዲፒ (ዳታ ከሚላክባቸው መንገዶች አንዱ) ሲላክ ከ1,500 ባይት ካለፈ ይቆራረጣል፣ ብዙ ራውተርና ፋየርዎል ደግሞ ቁርጥራጩን ይጥለዋል። ምልክቱ ግራ ያጋባል፦ አንዳንዱ ጥሪ ይገባል፣ አንዳንዱ ሎግ ላይ እንኳን አይታይም። የኢንተርኔት ስልክ የሚሠራበት የሲፕ ደንብ ራሱ መልእክቱ ከ1,300 ባይት ሲበልጥ በሌላው መንገድ፣ በቲሲፒ ይላክ ይላል። ትራንኩን (ሰርቨራችሁን ከስልክ ካምፓኒው ጋር የሚያገናኘውን መስመር) ወደ ቲሲፒ ወይም ቲኤልኤስ ቀይሩት። ፊርማውን ራሳችሁ የምታጣሩ ከሆነ ደግሞ የሰርቨሩ ሰዓት ትክክል ይሁን፤ ከ60 ሴኮንድ በላይ የቆየ ፊርማ እንደ አሮጌ ይቆጠራል።

ቁጥር በቁጥር ማገድና መልሶ መሳደብ

አጭበርባሪው ቁጥሩን አስመስሎ የደወለበት ሰው ስለ ጥሪው አያውቅም። መልሳችሁ ብትሰድቡት ንጹሕ ሰው ነው የሰደባችሁት። ነገ ደግሞ አጭበርባሪው በሌላ ቁጥር ይመጣል።

የራሳችሁ ቁጥር ስፓም ሲባል አዲስ ቁጥር መግዛት

ይሄኛው ብዙ ቢሮ ያደረገው ነው፣ ነገሩንም ያባብሰዋል። "ስፓም" የሚለውን መለያ የሚያስለጥፈው ፊርማው ብቻ አይደለም፤ የሞባይል ካምፓኒዎቹ ጥሪ የሚመረምሩ ድርጅቶች አሏቸው። ኤቲ ኤንድ ቲ ሃያ (Hiya) ከሚባለው፣ ቲ-ሞባይል ከፈርስት ኦሪዮን፣ ቬራይዘን ከቲኤንኤስ ጋር ይሠራሉ። እነዚህ ሦስት ድርጅቶች የአደዋወል ጠባይን ያያሉ፦ በአጭር ጊዜ ብዙ ጥሪ፣ ቶሎ የሚዘጋ ጥሪ፣ የተቀባዮች ቅሬታ። ገና ዛሬ ተገዝቶ በአንዴ መቶ ሰው ጋ የሚደውል ቁጥር አጭበርባሪ ነው የሚመስላቸው።

የነበረውን ቁጥር ይዛችሁ ፍሪ ኮለር ሬጂስትሪ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አስመዝግቡት፤ በነፃ ነው፣ ለሦስቱም ድርጅቶች ይደርሳል። የቀጠሮ ማስታወሻ ጥሪዎችን በሰዓታት ከፋፍሉ። ካምፓኒያችሁ ቁጥራችሁን በኤ እየፈረመ መሆኑን ጠይቁ፤ በተለይ ቁጥሩን ከአንዱ ገዝታችሁ በሌላው የምትደውሉ ከሆነ። ከዚያ በሦስቱም ካምፓኒዎች ሞባይል ላይ ደውላችሁ ምን ብሎ እንደሚወጣ እዩ። አንዱ ላይ ብቻ ስፓም የሚል ከቀረ፣ ማረሚያ የምትጠይቁት ለዚያ ካምፓኒ የሚሠራውን ድርጅት ነው።