አረንጓዴው ብርሃን ከሴሉ ጠርዝ ሲጠፋ

የፍሬ ዝንብ እጭ የክንፍ ቲሹ ላይ እየሠራችሁ ነው እንበል። ፕሮቲናችሁ ጂፒአይ በሚባለው ስብ ያለበት መልህቅ ከሴሉ ሽፋን በውጪ በኩል ተያይዟል፤ አረንጓዴ የሚያበራውን ፕሮቲን፣ ጂኤፍፒንም፣ ለጥፋችሁበታል። ማይክሮስኮፑ ስር ግን የጠበቃችሁት የለም።

ጭራሽ አይበራም?
መጀመሪያ ጂኤፍፒው የት እንደገባ እዩ። የዚህ ፕሮቲን ሁለቱም ጫፎች ሴሉ ውስጥ ይቆረጣሉ። የፊተኛው የመግቢያ ምልክት ነው፤ የኋለኛው መልህቁ ሲሰካ ይወገዳል። ጫፍ ላይ የለጠፋችሁት ጂኤፍፒ ወይ አብሮ ይቆረጣል ወይ ሥራውን ያበላሻል። ከፊተኛው ምልክት ቀጥሎ አስገቡት።

ጠርዙ ደብዝዞ ነጠብጣብ በዝቷል?
ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ፕሮቲኑ ወደ ውስጥ ገብቷል" ብሎ ይደመድማል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ቲሹን ፊክስ ለማድረግ (ባለበት ለማቆየት) የምንጠቀምበት ፓራፎርማልዴሃይድ በዋናነት የሚያስረው ፕሮቲንን እንጂ ስብን አይደለም። ስለዚህ ፊክስ ከተደረገም በኋላ ፕሮቲኑ ሽፋኑ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ሽፋኑን የሚበሳው ዲተርጀንት፣ ትሪተን ኤክስ-100፣ ሲጨመርበት ደግሞ ከፊሉ ታጥቦ ይሄዳል፣ ከፊሉ ይከማቻል። ነጠብጣቡን የፈጠረው ዲተርጀንቱ ሊሆን ይችላል።

የሚያዋጣው ይህ ነው። ቲሹውን ሳይሞት በረዶ ላይ አስቀምጡና፣ ያለ ዲተርጀንት ጂኤፍፒን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ጨምሩበት። ቅዝቃዜው ሴሉ ከውጪ እንዳይውጥ ያግደዋል፤ አንቲቦዲውም ሽፋኑን አያልፍም። አጥባችሁ ፊክስ አድርጉ፤ ከዚያ አንቲቦዲውን በሌላ ቀለም አሳዩት። ከጂኤፍፒው የራሱ ብርሃን ጋር ስታስተያዩት ውጪና ውስጡ ይለያል። የውስጡንም በአንቲቦዲ ማየት ካስፈለገ ሽፋኑን ለመብሳት ከትሪተን ይልቅ ሳፖኒን የተባለው ለስለስ ያለ ዲተርጀንት ይሻላል። ግን የከፈተው ቀዳዳ መልሶ ስለሚዘጋ፣ በአንቲቦዲውም በማጠቢያውም ውስጥ ሳፖኒን ይኑር።

ቀይ አለ፣ አረንጓዴ የለም?
ቀይ የሚያበራውን ፕሮቲን ኤምቼሪንና ጂኤፍፒን አንድ ላይ ስትለጥፉ የሚያጋጥም ነው። ሊሶዞም፣ ማለትም የሴሉ መፍጫ ክፍል፣ አሲዳማ ነው፤ እዚያ ጂኤፍፒ ሲደበዝዝ ኤምቼሪ መብራቱን ይቀጥላል፣ ቶሎም አይፈጭም። ስለዚህ ቀይ ነጠብጣብ ፕሮቲናችሁ በሙሉ አካሉ አለ ማለት አይደለም። የሊሶዞም ማርከር ጨምራችሁ አረጋግጡ።

ሁሉም ነገር ያበራል?
ጂኤፍፒ የሌለውን የዚያው ዘር እጭ በዚያው ሴቲንግ አንሱ። እሱም ካበራ ብርሃኑ የቲሹው የራሱ ነው። ያረጀ የአይጥ ቲሹ ላይ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ በዕድሜ የሚጠራቀመው የሚያበራ ቆሻሻ፣ ሊፖፈስሲን፣ ነው፤ ወደ ሩቅ ቀይ ቀለም መሄድ ይረዳል።

መልህቁ ራሱ ካጠራጠራችሁ፣ የጂፒአይ መልህቅን የሚቆርጠው ፒአይ-ፒኤልሲ የተባለው ኢንዛይም በሕይወት ያለ ቲሹ ላይ ይሞከር። የጠርዙ ብርሃን ከቀነሰ መልህቁ ጂፒአይ ነው። ካልቀነሰ ግን አይደለም ለማለት አትቸኩሉ፤ ይህን ኢንዛይም የሚቋቋሙ የጂፒአይ መልህቆች አሉ።