በስፓኒሽ «እፈልጋለሁ»፣ «ያስፈልገኛል» እና «አለብኝ» እንዴት ይባላል?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚሠራ ሐበሻ ስፓኒሽ የሚለምደው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ነው። ሬስቶራንት ኪችን ይሁን ሆቴል ወይም ፓርኪንግ ጋራዥ፣ አጠገቡ የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ የኤል ሳልቫዶር ወይም የጓቴማላ ልጅ ነው። ሰላምታና ቁጥር ቶሎ ይለቀማሉ። ምላስ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እፈልጋለሁ፣ ይህ ያስፈልገኛል፣ መሄድ አለብኝ ለማለት።

1. በ«እኔ» እና በ«እርስዎ» ጀምሩ

የመማሪያ መጻሕፍት አንድ ግስ ሲያመጡ ከነሙሉ እርባታው ደርድረው ያመጡታል። ለጀማሪ ይሄ ራስ ምታት ነው። ለጊዜው ሁለት ብቻ ያዙ፦ «ኪዬሮ» (እፈልጋለሁ) እና «ኪዬሬ» (ይፈልጋሉ)። «ኪዬሬ» ለ«እርስዎ»ም፣ ለ«እሱ»ም፣ ለ«እሷ»ም ይሠራል፤ በአንድ ቃል ሦስት ሰው አገኛችሁ ማለት ነው። «አንተ» እና «አንቺ» ይቆዩ። በአክብሮት ስላናገራችሁት የሚቀየማችሁ ሰው የለም።

2. «ኪዬሮ» ብላችሁ የፈለጋችሁትን ቀጥሉ

ዕቃ ከሆነ ስሙን ብቻ፦ «ኪዬሮ አጓ»፣ ውሃ እፈልጋለሁ። ድርጊት ከሆነ ሁለተኛውን ግስ ሳታረቡ እንዳለ አስቀምጡት፦ «ኪዬሮ ኮሜር» (መብላት)፣ «ኪዬሮ ዴስካንሳር» (ማረፍ)። እኛም «መብላት እፈልጋለሁ» ነው የምንለው፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይገለበጣል። «ኪዬሮ ኮሞ» ካላችሁ ግን «እበላለሁ እፈልጋለሁ» ሆነ፤ ሁለቱንም አረባችሁ።

ምግብ ስታዙ «ኪዬሮ» ነውር ባይሆንም ጠንከር ይላል። «ኪሲዬራ» በሉ፣ «ፈልጌ ነበር» እንደማለት ለስለስ ያለ ነው። ፑፑሳ (ውስጡ የሚሞላ የኤል ሳልቫዶር የበቆሎ ቂጣ) ቤት ገብታችሁ ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ «ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ማለት ብቻውን አያድናችሁም። አይብ ይመጣል፣ ዶሮን ከ«ካርኔ» የማይቆጥርም ሞልቷል። ስለዚህ በግልጽ «ኪሲዬራ ዶስ ዴ ፍሪሆል፣ ሲን ኬሶ» በሉ፤ ሁለት የቦሎቄ፣ ያለ አይብ። ቦሎቄው በአሳማ ስብ ሊጠበስ ስለሚችል «ዬባ ማንቴካ?» ብላችሁ ጠይቁ።

3. «ያስፈልገኛል» ላይ ተጠንቀቁ

«ኔሴሲቶ» ነው። «ኔሴሲቶ ጓንቴስ»፣ ጓንት ያስፈልገኛል። አጠቃቀሙ እንደ «ኪዬሮ» ነው፣ ችግሩ ያለው እኛ ጋ ነው። በአማርኛ የሚያስፈልገው ዕቃው ነው፣ እኔ «ያስፈልገኛል» ውስጥ በ«ኝ» ነው የምመጣው። ስለዚህ አፋችን ላይ አንዲት «ሜ» (እኔን) ካልጨመርን ይጎድለናል። «ሜ ኔሴሲታ» ካላችሁ ግን «እሱ እኔን ይፈልገኛል» ብላችኋል። ጓንት የጠየቃችሁት ሰውዬ ማን ነው የፈለጋችሁ ብሎ ዞር ዞር ቢል አትፍረዱበት። በስፓኒሽ ባለጉዳዩ እናንተ ናችሁ፤ «ኔሴሲቶ» ብላችሁ ዝም።

ያቺ «ሜ» ካልወጣችላችሁ ማረፊያ አላት፦ «ሜ አሴ ፋልታ»። ትርጉሙ ከ«ኔሴሲቶ» ጋር ይቀራረባል፣ አሠራሩ ግን ቁርጥ የእኛው «ያስፈልገኛል» ነው። «ሜ አሴ ፋልታ ዲኔሮ»፣ ገንዘብ ያስፈልገኛል። እንዲያውም «ይጎድለኛል»ም ስላለበት ለዚህ ጉዳይ በጣም ልክ ነው።

4. «አለብኝ»

«ቴንጎ» ማለት «አለኝ» ነው። እኛ «አለኝ» ውስጥ «ብ» አስገብተን «አለብኝ» እናደርገዋለን፤ እነሱ «ኬ» ይጨምሩበታል። «ቴንጎ ትራባሆ» ሥራ አለኝ፣ «ቴንጎ ኬ ትራባሃር» መሥራት አለብኝ። «ኬ» አጭር ስለሆነች በጥድፊያ ትዋጣለች፤ ከዋጣችኋት ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ለ«እርስዎ» «ቲዬኔ ኬ» ነው። ማንንም ሳይጠሩ «መጽዳት አለበት» ለማለት «አይ ኬ ሊምፒያር» ይባላል። ይህ «አይ» የእኛ የእምቢታ «አይ» አይደለም፤ ሲጮሁባችሁ ሰምታችሁ ሥራው ቀረ ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

5. አሁን «የለብህም»

ይሄኛው ሰው ያጣላል፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በአማርኛ «መምጣት የለብህም» ሁለት ነገር ይሆናል። አንዱ እንዳትመጣ፣ ሌላው ባትመጣም ችግር የለም። የትኛው እንደሆነ ከድምፁና ከሁኔታው እንለያለን። በስፓኒሽ ግን ሁለት የተለያዩ አባባሎች አሉ።

«ኖ ቲዬኔ ኬ ቤኒር ማኛና» አብዛኛውን ጊዜ «ነገ የመምጣት ግዴታ የለብዎትም» ነው። ከፈለጋችሁ ኑ፣ ካልፈለጋችሁ ተኙ። «ኖ ዴቤ» ሲባል ግን ባይደረግ ይሻላል፣ አይገባም ነው። አለቃችሁ «ኖ ቲዬኔ ኬ ሊምፒያር ላ ኮሲና» ቢላችሁ ኪችኑን ሌላ ሰው ያጸዳዋል ማለቱ እንጂ እየተቆጣችሁ አይደለም።

አደጋው በተቃራኒው ነው። አዲስ ልጅ የጋለ መጥበሻ ሊነካ ሲል «መንካት የለብህም» የሚለውን ቀጥታ ገልብጣችሁ «ኖ ቲዬኔ ኬ ቶካር» ብትሉት «ካልፈለግክ አትንካው» ብሎ ሊረዳው ይችላል። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰዋስው አይፈለግም። «ኖ ቶኬ!» በሉ፣ አይንኩ። ለምክር «ኖ ዴቤ»፣ ለአደጋ ቀጥታ ትእዛዝ። «ኖ አይ ኬ» የሚለው ደግሞ እንደ አማርኛው ወደ ሁለቱም ስለሚያደላ፣ እስክትለምዱት ስሙት እንጂ አትናገሩት።

6. ሌላ ሰው እንዲያደርግ ስትፈልጉ

እዚህ አማርኛ ይረዳናል። «መምጣት እፈልጋለሁ» እና «እንዲመጡ እፈልጋለሁ» እኛም ጋ ይለያያሉ። የመጀመሪያው «ኪዬሮ ቤኒር»፣ ሁለተኛው «ኪዬሮ ኬ ቤንጋ» ነው። «ኬ ... ቤንጋ» ላይ ያለው የግስ ቅርፅ የእኛን የ«እንዲ» ሥራ ይሠራል። ሕጉን አሁን አታጥኑ። «ቤንጋ» (እንዲመጡ)፣ «አጋ» (እንዲያደርጉ) እና «ኤስፔሬ» (እንዲጠብቁ) ለጊዜው ይበቃሉ።

ስለ ልምምድ

የስልክ አፕ ለቃላት ይሁን ብዬ አልፈዋለሁ፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አልወደውም። ሥራ ላይ የማይነሳ ዓረፍተ ነገር ያስደግማችኋል። ይልቅ የነገ ሥራችሁን ማታ በ«ቴንጎ ኬ» አውሩት፦ «ቴንጎ ኬ ፓጋር» (መክፈል አለብኝ)፣ «ቴንጎ ኬ ኮምፕራር ሌቼ» (ወተት መግዛት አለብኝ)። በቴሌቪዥን ወይም በአፕ የተማራችሁትን «ቱ ኪዬሬስ» (አንተ ትፈልጋለህ) የኤል ሳልቫዶር ልጆች «ቦስ ኬሬስ» ይሉታል፣ «ቲዬኔስ ኬ»ንም «ቴኔስ ኬ»። ተሳስተው አይደለም፣ አገራቸው እንደዚያ ነው የሚነገረው።

ከሥራ ቀደም ብላችሁ መውጣት ሲኖርባችሁ ደግሞ በ«ቴንጎ ኬ» ዘላችሁ አትግቡ። እነሱ መጥፎ ወሬ ወይም ሰበብ ሲያመጡ «ፊሄሴ ኬ» ብለው ነው የሚጀምሩት፣ «ይኸውልዎት» እንደማለት። «ፊሄሴ ኬ ቴንጎ ኬ ኢር አል ዶክቶር»፤ ይኸውልዎት፣ ሐኪም ጋ መሄድ አለብኝ።