ወደ ሬኔሳንስ ፌስቲቫል ለብሰው ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦገስት ሲያልቅ ሜሪላንድ ውስጥ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጎራዴ ታጥቆ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ብታዩ አትደንግጡ። አናፖሊስ አጠገብ፣ ክራውንስቪል ወደሚደረገው የሬኔሳንስ ፌስቲቫል እየሄደ ነው። ዝግጅቱ ቅዳሜና እሁድ እየተባለ እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል። ቦታው የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን የእንግሊዝ መንደር እንዲመስል ሆኖ ተሠርቷል። ንጉሡ አለ፣ ጦር የሚሰብቁ ፈረሰኞች አሉ፣ ሙዚቀኛ አለ። ጎብኚውም ከፈለገ ለብሶ ይመጣል።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ነገር የጀመረችው ፊሊስ ፓተርሰን የምትባል መምህርት ናት። በ1963 ሎስ አንጀለስ ላይ ከባለቤቷ ጋር ሆና፣ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ገንዘብ ለማሰባሰብ አዘጋጀችው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በየግዛቱ አለ። ዲሲ አካባቢ ለሚኖር አበሻ ደግሞ ክራውንስቪል ሩቅ አይደለም።

ለብሶ መሄድ ግዴታ አይደለም። በጂንስ ገብታችሁ፣ የተርኪ እግር እየጋጣችሁ ቀኑን ብታሳልፉ ማንም ምንም አይላችሁም። ይህ ጽሑፍ ግን "ከለበስኩ አይቀር ዘመኑን ይምሰል" ለሚል ሰው ነው።

ማንን እንደሚመስሉ ሳይወስኑ ልብስ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ሰው ኦንላይን ገብቶ "ሬኔሳንስ" ብሎ ይፈልግና ያማረውን ይገዛል። ሬኔሳንስ ግን አንድ ዘመን ብቻ አይደለም። ከ14ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን የሚዘረጋ፣ ከፍሎረንስ እስከ ለንደን የሚለያይ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፋሽን ዝም ብሎ አልቆመም።

የአንገቱን ነገር ተመልከቱ። ሰው ሁሉ "የድሮ እንግሊዝ" ሲባል የሚታየው ያ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ፣ እጥፍጥፍ ነጭ የአንገት ልብስ ነው። ሄንሪ ስምንተኛ የነገሠው ከ1509 እስከ 1547 ነው። በእሱ ዘመን የነበረው የሸሚዙ አንገት ላይ ትንሽ ሽብሽብ ብቻ ነው። ያ ትልቁ የመጣው በልጁ በኤልሳቤጥ ጊዜ ነው። ጨርቁን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው አሚዶ ነው። ጨርቅ በአሚዶ ማድረቅ እንግሊዝ ውስጥ የተስፋፋው ደግሞ በ1560ዎቹ፣ ከኔዘርላንድስ አካባቢ በመጡ ሰዎች ነው። ስለዚህ ያንን አንገት አድርጋችሁ ክራውንስቪል ካለው ንጉሥ ጎን ፎቶ ብትነሱ፣ ንጉሡ ከሞተ በኋላ የመጣ ፋሽን ለብሳችሁ ነው የቆማችሁት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ለራሳችሁ አንድ አረፍተ ነገር ጻፉ፦ "በ1535 ለንደን የምኖር ዳቦ ጋጋሪ ነኝ።" ዓመት፣ ቦታ፣ ሥራ። ዳቦ ጋጋሪ ከፋይ አይለብስም። ከፋይ ካልለበሰ ደግሞ የእናንተም ኪስ ተረፈ ማለት ነው።

የውስጡን ልብስ መርሳት

የዚያን ዘመን አለባበስ በንብርብር የሚሠራ ነው። ወንድም ሴትም ገላው ላይ መጀመሪያ የሚያደርገው ነጭ ሸሚዝ ወይም ረጅም የውስጥ ቀሚስ ነው። ጨርቁ የተልባ እግር ነው፣ ዛሬ ሱቅ ላይ ሊነን የሚሉት። የሚታጠበው እሱ ነበር። ላዩ ላይ የሚደረበው ሱፍ ውኃ ብዙም አያየውም፣ ይቦረሻል እንጂ። ላብን የሚወስደው የውስጡ ነው።

ይህን ንብርብር ዘሎ ከላይኛው ልብስ ስር ቲሸርት የሚለብስ ሰው በሁለት በኩል ይጎዳል። አንደኛ፣ አንገቱና እጅጌው ላይ ብቅ ማለት ያለበት ነጭ ጨርቅ ስለሌለ አለባበሱ ጎዶሎ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ይቀቀላል። የሜሪላንድ የኦገስት መጨረሻ ወበቅ ቀልድ አይደለም። ሰው ሊነንና ስስ ሱፍ ይሞቃል ብሎ ይፈራና ፖሊስተር ይገዛል። ነገሩ ግን በግልባጩ ነው። ሊነን ላብ ይጠጣል፣ ቶሎ ይደርቃል። ከፖሊስተር የተሠራ ከፋይ ላብን አፍኖ ያስቀራል፤ ፀሐይ ላይ ደግሞ ያብለጨልጭና ከሩቅ ያሳብቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ጥሩ የሊነን ሸሚዝ ከአምስት ርካሽ ዕቃ ይበልጣል። ሌላውን ቀስ እያላችሁ ትጨምራላችሁ።

ኮርሴትና ራቁት ትከሻ

ስለዚህ ጉዳይ መናገር ሰው ማስቀየም መሆኑን አውቃለሁ። ትከሻን የሚገልጥ ሸሚዝና በላዩ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ኮርሴት (ወገብ የሚያጠብቅ ልብስ) የፌስቲቫል ዩኒፎርም ሆኗል። ያምራል። ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ልብስ ሳይሆን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፌስቲቫል ልብስ ነው። በሄንሪ ዘመን ደረትን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ራሱ ቀሚሱ ነበር። የላይኛው ክፍሉ ጥብቅ ተደርጎ ይሰፋና ከፊት ወይም ከጎን በማሰሪያ ይታሰራል። ለብቻው የሚለበስ፣ ወገብ የሚይዝ የውስጥ ልብስ የተለመደው ከክፍለ ዘመኑ አጋማሽ በኋላ ነው። ያም ቢሆን ከቀሚስ ስር እንጂ ከላይ አይደለም።

ማሰሪያው የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎችም እዩ። የብረት ቀለበት ካላቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው። ድሮ ቀዳዳው ዙሪያውን በእጅ በክር ይሰፋ ነበር። የእጅ ሥራ የምትወዱ ከሆነ ይህን መሥራት ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። መርፌ ቁልፍም የ1849 ፈጠራ ነው። እስፒል ግን በሽበሽ ነበር። ዚፕማ ምን ይባላል!

ድሃ ሁሉ ቡናማ ይለብሳል ብሎ ማሰብ

ፊልም ያበላሸን እዚህ ላይ ነው። ገበሬ ከሆነ ጭቃ የመሰለ ጨርቅ፣ በዚያ ላይ ቆዳ፣ ቀበቶ በቀበቶ። እውነተኛው ገበሬ ቀለም ይወድ ነበር። ማደር ከሚባል ተክል ሥር ቀይ፣ ከዎድ ቅጠል ሰማያዊ፣ ከዌልድ ቢጫ ይወጣል። ሰማያዊውን በቢጫ ላይ ሲደርቡት አረንጓዴ ይሆናል። እነዚህን ተራ ሰውም ያገኛቸዋል። የሚከብደው ድምቅ ያለ ጥቁር ነበር። ማቅለሙ ብዙ ሥራና ገንዘብ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከራስ እስከ እግር ጥቁር የለበሰ ሰው ሀብታም ነው።

ማን ምን እንደሚለብስ ደግሞ ሕግ ነበረ። በ1574 ኤልሳቤጥ ያወጣችው አዋጅ ወይን ጠጅ ሐርን የሚፈቅደው ለንጉሣውያን ቤተሰብ ነው፤ ከፍተኛ መኳንንት በተወሰኑ ልብሶች ላይ ብቻ ይፈቀድላቸዋል። በ1571 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ተራ ሰው በእሁድና በበዓል ቀን የሱፍ ቆብ እንዲያደርግ ያስገድዳል። የሱፍ ሠሪዎችን ገበያ ለማሳደግ ነው።

ከቆብ አንሥተን እንጨርሰው፦ ራሱን ሳይሸፍን የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። በተለይ ያገባች ሴት። ፀጉር ለቅቆ፣ የአበባ አክሊል ደፍቶ መዞር ለፎቶ ነው። አንድ ነጭ የሊነን ቆብ ብቻ መልካችሁን ከምትገምቱት በላይ ይቀይራል። ጫማው ዝቅ ያለ፣ ያለ ተረከዝ ይሁን። የዓይን መነጽር ያለበት ሰው ግን አያውልቅ። መሬቱ ወጣ ገባ ነው፣ ወድቆ ከመሰበር ይሻላል።

"እኛማ እዚያ ዘመን ውስጥ የለንም" ማለት

ጥቁር ሰው የቱዶር (የእነ ሄንሪና የእነ ኤልሳቤጥ ቤተሰብ) ዘመን ልብስ ሲለብስ "ታሪኩን አይመስልም" የሚል አይጠፋም። አንዳንዴ የሚለው ከእኛው መሀል ያለ ሰው ነው። መልሱ ጆን ብላንክ ነው። በሄንሪ ሰባተኛና በሄንሪ ስምንተኛ ቤተ መንግሥት መለከት ነፊ የነበረ ጥቁር ሰው ነው። በ1511 በተሣለው፣ የዌስትሚንስተርን የፈረሰኞች ውድድር በሚያሳየው ረጅም የሥዕል ጥቅልል ላይ ፈረስ ላይ ሆኖ፣ ጥምጥም አድርጎ፣ መለከቱን ይዞ ይታያል። ደመወዙ አነሰኝ ብሎ ለንጉሡ አመለከተና ተጨመረለት። በ1512 ሲያገባ ንጉሡ ወይን ጠጅ የሱፍ ካባ፣ ቆብና ባርኔጣ ሸለመው። ከዚህ የተሻለ የልብስ ዝርዝር ከየት ይመጣል?

የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ ልሂድ የምትሉም አላችሁ። ሂዱ፣ ያምርባችኋል። "የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በማሽን የተጠለፈ፣ ከኋላ ዚፕ ያለው፣ በሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ጥለት የእኛ ዘመን ነው። የዛሬ ሙሽሮች ካባም እንዲሁ።

ዘመኑን ከፈለጋችሁ ግን ምንጭ አለ። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ዐፄ ልብነ ድንግልን አይቷል። ንጉሡ የወርቀ ዘቦ ካባና ሰፊ እጅጌ ያለው የሐር ሸሚዝ ለብሶ፣ የወርቅና የብር ዘውድ ደፍቶ፣ የብር መስቀል ይዞ እንደነበር ጽፏል። አፉንና ጢሙን በሰማያዊ ስስ ሐር ሸፍኗል። የልብነ ድንግል ሥዕል ዛሬም ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ውስጥ አለ፤ የሠራው ግን ንጉሡን አይቶ የማያውቅ ኢጣሊያዊ ስለሆነ ለልብስ ብዙ አትመኑት።

ንጉሥ መሆን ከበዛባችሁ መልእክተኛ ወይም መነኩሴ ሁኑ። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተዋል። ሮም ባለው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1445 በተጠናቀቀው የነሐስ በር ላይም ተቀርጸዋል። እቴጌ እሌኒ የላኩት ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ደርሷል። ከእሱ በኋላ ጸጋ ዘአብ ሄዷል። ነጭ የጥጥ ልብስ፣ ጥምጥም፣ የእንጨት የእጅ መስቀል፣ መቋሚያ። ይህን ሁሉ እናታችሁ ቤት ታገኙታላችሁ። ጥምጥሙና መስቀሉ ግን ዛሬም የካህናት ስለሆኑ ለጨዋታ ማድረጉ ቤተሰብ ውስጥ ቅር የሚለው ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ የመልእክተኛውን መንገድ እመርጣለሁ።

ሌላውን ሰው ማረም

ፌስቲቫሉ ላይ ክንፍ የለበሰች ሴት፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ወንበዴና ቫይኪንግ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢራ ሲጠጡ ታያላችሁ። ተዉዋቸው። ሰዎቹ ለመዝናናት ከፍለው ገብተዋል። እነሱ ስለ እናንተ ልብስ ከጠየቁ ግን ሳትሰስቱ ንገሯቸው፣ ስለ ጆን ብላንክ ብትጀምሩ ሌላ ቢራ ይጋብዟችኋል። ጎራዴ ይዛችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የፌስቲቫሉን ደንብ አንብቡ። ብዙ ቦታ ከሰገባው እንዳይወጣ ተደርጎ መታሰር አለበት፣ ያልታሰረ ከሆነ በሩ ላይ ወደ መኪናችሁ ይመልሷችኋል።